ልብና ባዕድ ሽቦ

በኦክቶበር 8 ቀን 1958 ምሽት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስዊድን ዋና ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሶልና፣ በካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ አርነ ላርሶን የተባሉ የ43 ዓመት ጎልማሳ ደረታቸው ተከፍቶ በልባቸው ጡንቻ ላይ ሽቦ ተሰፋላቸው። የሽቦው ሌላኛው ጫፍ በሆዳቸው ቆዳ ሥር ከተቀበረ፣ ስፋቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ ክብ ነገር ጋር የተያያዘ ነበር። ያ ክብ ነገር በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሙጫ ፈስሶበት ቅርጽ የያዘ ነው። መሣሪያውን የሠሩት መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት፣ በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ የተከሉት ደግሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ነበሩ።

ላርሶንን ለዚህ ያበቃቸው የቫይረስ ሕመም ነው። ሕመሙ ልባቸውን አቁስሎ፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደውን የኤሌክትሪክ መልእክት አቋርጦት ነበር። ልባቸው እየዘገየ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እየቆመ፣ በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። ሐኪሞቹ ተስፋ ቢቆርጡም ባለቤታቸው ኤልሰ-ማሪ አልቆረጡም። ሴኒንግና ኤልምክቪስት በእንስሳት ላይ የሚሞክሩት መሣሪያ እንዳለ ሰምተው ነበርና ከሆስፒታሉ ወደ መሐንዲሱ፣ ከመሐንዲሱ ወደ ሆስፒታሉ እየተመላለሱ ወተወቱ። መሣሪያው ለሰው ገና አልተዘጋጀም ቢባሉም አልተመለሱም። የሕክምና ታሪክ ስለ መሣሪያው ሠሪዎች ብዙ ይጽፋል፤ የኚህች ሴት ጭቅጭቅ ግን ከሁለቱ ባለሙያዎች ዕውቀት ያላነሰ ድርሻ እንደነበረው መዘንጋት የለበትም።

የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ተለዋጭ ነበርና እርሱ ተተካ። ላርሶን ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመናቸው ከሃያ በላይ መሣሪያዎችን ቀያየሩ፤ ሠሪውን ኤልምክቪስትንም፣ ሐኪሙን ሴኒንግንም ቀብረው በ2001 መጨረሻ በ86 ዓመታቸው ከልብ ጋር ባልተያያዘ ሕመም አረፉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ያልተነገረው፣ ወይም በሐኪሞች መካከል ብቻ ሲነገር የቆየው፣ ሌላው ምዕራፍ ነው፤ ልብ ወደ እርሱ የመጣውን ባዕድ ሽቦ እንዴት ተቀበለው? በብዙዎች ዘንድ በጸጥታ ተቀብሎታል። በጥቂቶች ዘንድ ግን ተቆጥቷል። የዚህን ቁጣ ምክንያት ለማወቅ የሕክምናው ዓለም ብዙ ዓመታት ወስዶበታል፤ በመንገዱም ላይ ሦስት ጊዜ ተሳስቷል።

ወደ ቁጣው ከመድረሳችን በፊት ስለ ሽቦው ጥቂት ማለት ይገባል። ጤነኛ ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። የምቱ ምንጭ በቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ያለች ትንሽ የሥጋ ቋጠሮ መሆኗን አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ የተባሉ ብሪታንያውያን በ1907 አሳዩ። መልእክቱ ወደ ታች የሚያልፍበትን በር ደግሞ ጃፓናዊው ሱናዎ ታዋራ አንድ ዓመት ቀድመው ገልጸውት ነበር። ይህ በር ሲዘጋ የሚመጣውን ድንገተኛ ራስን መሳት የደብሊን ሐኪሞች፣ ሮበርት አዳምስ በ1827፣ ዊሊያም ስቶክስ በ1846፣ አስቀድመው ጽፈውታል፤ ሕመሙም በሁለቱ ስም ይጠራል። በሽታው ከታወቀ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም እንኳ መድኃኒት አልነበረውም።

በ1952 በቦስተን ፖል ዞል በደረት ቆዳ ላይ በተለጠፈ ብረት ልብን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ። ሕይወት አዳነ፤ ሆኖም ቆዳን ያቃጥል፣ የደረትን ጡንቻ ያንዘፈዝፍ ስለነበር በሽተኛው ብዙ ቀን ሊታገሠው አይችልም። በሚኒያፖሊስ ዋልተን ሊለሃይ የሕፃናትን ልብ ሲጠግኑ ቀጭን ሽቦ በቀጥታ በልብ ጡንቻ ላይ መስፋት ጀመሩ፤ ሥቃዩ ቀረ። ያኔ መሣሪያው ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘ ነበርና በ1957 በከተማዋ መብራት በጠፋ ጊዜ ችግሩ ጎልቶ ወጣ፤ ሊለሃይም ኧርል ባከን የተባለውን የመሣሪያ ጠጋኝ በባትሪ የሚሠራ እንዲያበጅላቸው ጠየቁት። ባከን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ የታተመውን የሙዚቃ ምት መጠበቂያ ንድፍ ተውሶ በሳምንታት ውስጥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ።

በ1958 በኒው ዮርክ ሲይሞር ፈርማን የተባሉ ወጣት ሐኪም ሌላ በር ከፈቱ። ደረትን መክፈት ሳያስፈልግ፣ በክንድ የደም ሥር በኩል ሽቦ አሾልከው ወደ ቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል አደረሱ፤ አንድ የ76 ዓመት አዛውንትም በዚሁ ሽቦ ልባቸው ከሦስት ወራት በላይ ሲነዳ ቆይቶ ከሆስፒታል ወጡ። በ1960ዎቹ የፈርማን ሽቦና የኤልምክቪስት ዓይነት የሚቀበር መሣሪያ ተጋቡ። ዛሬ ፔስሜከር የሚባለው የዚህ ጋብቻ ልጅ ነው፤ ከአንገት አጥንት በታች በቆዳ ሥር የሚቀመጥ ባትሪ፣ ከእርሱም በደም ሥር ወርዶ ልብ ውስጥ የሚተከል ሽቦ።

ባዕዱ ነገር በሰውነት ውስጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ገና ከጅምሩ ታይቷል። በፌብሩዋሪ 1960 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ፣ ኦሬስተስ ፊያንድራና ሮቤርቶ ሩቢዮ ከስዊድን የመጣ የኤልምክቪስት መሣሪያ ለአንዲት በሽተኛ ተከሉ። መሣሪያው እንደ ላርሶኑ የመጀመሪያ አልቆመም፤ ከዘጠኝ ወራት በላይ ሳያወላውል ሠራ። በሽተኛዋ የሞተችው ቁስሉ አመርቅዞ ተሕዋስያኑ ወደ ደሟ ስለገቡ ነው። መሣሪያው ሳይበላሽ ሰውየው ሊሞት እንደሚችል ያስተማረ የመጀመሪያው ሞት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ሲያተኩሰው የሐኪሙ ሐሳብ በቀጥታ ወደ ተሕዋስያን ይሄድ ነበር። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ተሕዋስያን በሽቦው ላይ ሲሰፍሩ በራሳቸው ዙሪያ አጣባቂ ሽፋን ያበጃሉ፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ተደብቀው መድኃኒቱንም፣ የሰውነትን ተከላካይ ኃይልም ይቋቋማሉ። ኢንፌክሽኑ በሽቦው ተጉዞ የልብን የውስጥ ግድግዳና በሮች ከደረሰ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ባትሪውም ሽቦውም ተጠራርገው መውጣት አለባቸው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ አጽንቷል።

ይሁንና ሁሉም ትኩሳት ተሕዋስያን የሚያመጡት አይደለም። ይህን ለማወቅ ታሪኩ ከፔስሜከር ወጥቶ በሌላ መንገድ መዞር ነበረበት።

ልብ በደረት ውስጥ ራቁቱን አልተቀመጠም። ሁለት ድርብ ባለው ስስ ከረጢት ተሸፍኗል፤ ሐኪሞች ፔሪካርድየም ይሉታል። በሁለቱ ድርቦች መካከል ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚደርስ፣ የአንድ የቡና ስኒ ግማሽ ያህል ፈሳሽ አለ፤ ልብ በመታ ቁጥር ሽፋኖቹ እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ነው። ይህ ሽፋን ሲቆጣ፣ ማለትም ብግነት ሲይዘው፣ ድርቦቹ ይሻክራሉ። በሽተኛው ደረቱን ይወጋዋል፤ ሲተነፍስና በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፤ ተነሥቶ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ይቀለዋል። ሐኪሙ ጆሮውን ሲያቀርብ የፍትጊያ ድምፅ ይሰማል። በ1824 ፈረንሳዊው ቪክቶር ኮለን ይህን ድምፅ አዲስ ቆዳ ከሚያሰማው ሲጥሲጥታ ጋር አመሳስለውታል፤ እስከ ዛሬ የተሻለ ምሳሌ ያመጣ የለም። ፈሳሹ ሲበዛ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ከተጠራቀመ ከረጢቱ እየተለጠጠ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ በድንገት ከሞላ ግን ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር እንኳ ልብን አፍኖ ይገድላል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሐኪሞች በሩማቲክ በሽታ የጠበበውን የልብ በር በቀዶ ሕክምና ማስፋት ጀመሩ። በዚህ በእኛ ቀጠና ዛሬም ድረስ ስንት ወጣት የሚያልቅበት በሽታ ነውና አንባቢ ስሙን አያጣውም። ቀዶ ሕክምናው የተሳካላቸው በሽተኞች ከሳምንታት በኋላ ይመለሱ ጀመር፤ ትኩሳት፣ የደረት ውጋት፣ በልብና በሳንባ ሽፋን ውስጥ የተቋጠረ ፈሳሽ ይዘው። የፊላደልፊያ ሐኪሞች በ1953 ሕመሙን ሲገልጹ መንሥኤው የሩማቲክ ትኩሳቱ ማገርሸት ነው አሉ። በሽተኞቹ ሁሉ ሩማቲክ ነበረባቸውና ግምቱ ምክንያታዊ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ላርሶን ቀዶ ሕክምና ባደረጉበት በዚያው በ1958፣ ኢቶ፣ ኤንግልና ጎልድበርግ የተባሉ ሐኪሞች በኒው ዮርክ ግምቱን አፈረሱት። እነርሱ የተመለከቱት ሩማቲክ ነክቷቸው የማያውቅ፣ ከውልደት በመጣ የልብ ጉድለት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን በሽተኞች ነው። በእነርሱም ላይ ያው ትኩሳት፣ ያው ውጋት፣ ያው ፈሳሽ ታየ። እንግዲያው ጥፋቱ የሩማቲክ ሳይሆን የልብ ሽፋን መከፈቱ መሆን አለበት አሉ፤ ለሕመሙ የሰጡትም ስም ይህንኑ የሚገልጽ ነው። ወደ እውነቱ ቀረቡ፤ ግን አልደረሱም።

ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1956፣ በብሩክሊን የሚሠሩት ዊሊያም ድሬስለር ማንም ሽፋናቸውን ያልከፈተባቸው በሽተኞች ተመሳሳይ ሕመም እንደያዛቸው ጽፈው ነበር። የድሬስለር በሽተኞች የልብ ድካም፣ ማለትም የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ ደርሶባቸው ያገገሙ ናቸው። ከሳምንታት በኋላ ደረታቸውን ሲወጋቸው ሐኪሞች ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ፣ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄደ ብለው ደም ማቅጠኛ ይሰጧቸዋል። ድሬስለር ይህ አደገኛ ነው ብለው አስጠነቀቁ፤ የተቆጣው ሽፋን በቀጠነው ደም ሊጥለቀለቅ ይችላልና። በስሕተት ስም የተሰጠው ትክክለኛ መድኃኒት ሊገድል እንደሚችል እነዚህ በሽተኞች አሳይተዋል። ሕመሙ ዛሬም በድሬስለር ስም ይጠራል።

ፔስሜከር ወደዚህ ታሪክ የገባው በ1975 ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ኬይ፣ ፍራንክልና አርዲቲ የተባሉ ሐኪሞች፣ በደም ሥር በኩል ፔስሜከር ከተተከለ በኋላ የተከሰተ፣ የቀዶ ሕክምናውን ሕመም የሚመስል ብግነት የመጀመሪያው ነው ብለው አሳተሙ። ደረት አልተከፈተም፤ የልብ ሽፋን አልተቀደደም፤ የልብ ደም ሥርም አልተዘጋም። በልብ ላይ የደረሰው የሽቦ ጫፍ መነካካት ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ዘገባ ለዘመናት የተጠራቀመውን ግምት አንድ ላይ አሰረችው። ሩማቲክም፣ የሽፋኑ መከፈትም፣ የደም ሥር መዘጋትም ሁሉም ወደ አንድ ሐሳብ ተጠቃለሉ፤ ምንጩ የልብ መቁሰል ነው፤ ቁስሉ ምንም ያህል ትንሽ ይሁን። ሐኪሞችም ሁሉንም «ከልብ ጉዳት በኋላ የሚመጣ ሕመም» በሚል አንድ ስም መጥራት ጀመሩ።

ትንሽ ቁስል ይህን ሁሉ እንዴት ያመጣል? የተለመደው ማብራሪያ እንዲህ ነው። የልብ ጡንቻና የሽፋኑ ሕዋሳት ሲጎዱ በውስጣቸው ተዘግቶባቸው የኖረ ንጥረ ነገር ይፈስሳል። የሰውነት ተከላካይ ኃይል ይህን ንጥረ ነገር ከዚያ በፊት በጥቅሉ አላየውምና እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ለመዋጋትም ይዘጋጃል። ዝግጅቱ ቀናትና ሳምንታት ስለሚወስድ ሕመሙም ዘግይቶ ይመጣል። በበሽተኞቹ ደም ውስጥ በልብ ሕዋሳት ላይ የተነጣጠሩ አንቲቦዲዎች ተገኝተዋል፤ ሆኖም የብግነቱ ምክንያት ናቸው ወይስ ውጤቱ የሚለው ክርክር ረጅም ነው። ለጸረ ብግነት መድኃኒት በፍጥነት እሺ ማለቱ፣ ዘግይቶ መምጣቱና ደጋግሞ ማገርሸቱ ግን ማብራሪያውን ይደግፋሉ።

ከሽቦዎቹ መካከል ደግሞ ልዩነት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሽቦዎች ጫፋቸው ለስላሳ ስለነበር ከተተከሉበት እየተንሸራተቱ ሐኪሙን ደጋግመው ያደክሙት ነበር። መሐንዲሶች ሁለት መፍትሔ አመጡ። አንደኛው በጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ያሉ ለስላሳ ክንፎች ማድረግ ነው፤ እነዚህ በልብ ውስጥ ባሉት የሥጋ ገመዶች መካከል ይሰነቀራሉ። ሁለተኛው ጫፉን ጠመዝማዛ ማድረግ ነው፤ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ በልብ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ብሎኑ አይንሸራተትም፤ በተፈለገው ቦታ ይተከላል፤ ለማውጣትም ይቀልላል። ሐኪሞች ቢወዱት አያስደንቅም። ችግሩ የቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ስስነት ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም ያንሳል። የብሎኑ ጫፍ ግድግዳውን አልፎ ሽፋኑን ሊቧጭር ይችላል።

በ2002 በካናዳ ኤድመንተን የሚሠሩ ሐኪሞች ያተሙት ጥናት ይህን አረጋገጠ። በላይኛው የልብ ክፍል ባለ ብሎን ሽቦ ከተተከለላቸው መካከል ከመቶ አምስት ያህሉ የልብ ሽፋን ብግነት ያዛቸው፤ ባለ ክንፍ ሽቦ በተተከለላቸው ላይ ግን አንድም አልታየም። የሌሎች ሐኪሞች ልምድ ቁጥሩን ከዚህ ሊያሳንሰው ይችላል፤ የሽቦዎቹ ጫፍም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሐኪሙ ጭንቅ የሚጀምረው። በሽተኛው ፔስሜከር ከተተከለለት ሦስት ሳምንት ሆኖታል እንበል። ያተኩሰዋል፤ ደረቱን ይወጋዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። ተሕዋስያን ሽቦው ላይ ሰፍረው ሊሆን ይችላል። የሽቦው ጫፍ ግድግዳውን በስቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ተሕዋስያንም ቀዳዳም ሳይኖር ሰውነቱ በራሱ ላይ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በደም ምርመራ የብግነትን ምልክት ከፍ ያደርጋሉ። በተለመደው ጊዜ የሽፋንን ብግነት የሚያጋልጠው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ፔስሜከሩ የታችኛውን የልብ ክፍል በሚነዳበት ጊዜ የራሱን ሥዕል ይሥላልና የሽፋኑን ምልክት ይሸፍነዋል። መሣሪያው ራሱ ባስከተለው ችግር ላይ ምስክር እንዳይሰጥ ያደርጋል ማለት ነው።

መድኃኒቶቻቸው ግን እርስ በርስ ይቃረናሉ። ብግነት ብቻ ከሆነ አስፕሪን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት ይበቃል፤ ሽቦውም ባለበት ይቆያል። ብግነቱ ከጠና ስቴሮይድ ይሰጣል። ተሕዋስያን ካሉ ደግሞ ስቴሮይድ የሰውነትን ተከላካይ ኃይል አስተኝቶ ለጠላት በር መክፈት ይሆናል። በሌላ በኩል ተሕዋስያን ሳይኖሩ ሽቦውን ነቅሎ ማውጣት፣ ልቡ በመሣሪያው ብቻ የሚመታን ሰው ያለ ምክንያት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዓመታት የቆየ ሽቦ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚያድግ አወጣጡ ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍልም በአጠገብ መኖርን ይጠይቃል። በአካባቢያችን አገሮች ይህ ሁሉ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም አይቸኩልም። ባትሪው የተቀበረበት ቦታ ቀልቷል ወይ? አብጧል ወይ? መግል አለው ወይ? ብሎ ይመረምራል። መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ደም ቀድቶ ተሕዋስያን ይበቅሉ እንደሆነ ያስመረምራል። በአልትራሳውንድ የልብን ዙሪያና ሽቦውን ያያል። የሽቦው ጫፍ ወጥቷል ብሎ ከጠረጠረ ሲቲ ስካን ያዝዛል። በሽተኛውንም ያዳምጣል፤ ሲተኛ የሚብስና ጎንበስ ሲል የሚቀል ውጋት ብዙ ይናገራል።

በዚህ ቀጠና ለሚሠራ ሐኪም ደግሞ አራተኛ ተጠርጣሪ አለ። በኢትዮጵያም ሆነ በጎረቤቶቿ ትኩሳትና በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ያለበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የነቀርሳ በሽታ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በአፍሪካ በልብ ሽፋን ውስጥ ለሚጠራቀም ፈሳሽ ዋነኛው ምክንያት ነቀርሳ ሆኖ ኖሯል። ደቡብ አፍሪካዊው ቦንጋኒ ማዮሲና ባልደረቦቻቸው በስምንት የአፍሪካ አገሮች 1,400 በሽተኞችን ተከታትለው በ2014 ያተሙት ታላቅ ጥናት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ማዮሲ በ2018 አረፉ፤ ስለ አፍሪካ ልብ ያወቁትን ያህል የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ልማድ ዓይንን ይጋርዳል። ከወር በፊት ፔስሜከር የተተከለለትን ሰው ፈሳሽ እንደ ነቀርሳ ቆጥሮ ለወራት የነቀርሳ መድኃኒት ማስዋጥ፣ በ1953 ሩማቲክ ነው ከተባለው ስሕተት ብዙም አይለይም። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ፔስሜከር ያለው ሰው ነቀርሳ አይዘውም የተባለ የለም።

ብግነቱን ለማብረድ ከዋሉት መድኃኒቶች ሁሉ ታሪኩ የሚያስገርመው ኮልቺሲን ነው። በመከር ወራት ከምታብብ ሐምራዊ አበባ የሚገኝ ሲሆን የጥንት ሰዎች መድኃኒትነቷንም መርዝነቷንም ያውቁ ነበር። ፈረንሳውያኑ ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1820 ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት። ለብዙ ዘመን የሪህ መድኃኒት ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1987 የስፔይን ሐኪሞች ደጋግሞ ለሚያገረሽ የልብ ሽፋን ብግነት እንደሚረዳ ጻፉ። ጣሊያናዊው ማሲሞ ኢማዚዮ በ2010 ያተሙት ጥናት ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 360 ሰዎች የተመለከተ ነው፤ ኮልቺሲን ከወሰዱት ከመቶ 9 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 21 ያህሉ ብግነቱ ያዛቸው። ጥናቱ ስለ ቀዶ ሕክምና እንጂ ስለ ፔስሜከር አይደለም፤ ሐኪሞች ግን ሕመሙ አንድ ነው በሚል ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። መርዝነቱም አልተለየውም፤ በመጠኑና በሕክምና ዓይን ሥር ካልሆነ፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ አይደፈርም።

ተሕዋስያኑን ለመከላከልም ጥረቱ አልቆመም። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በ2009 የታተመው ጥናት ከመትከሉ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የአንቲባዮቲክ መርፌ ኢንፌክሽኑን ከመቶ 3.28 ወደ 0.63 ዝቅ እንዳደረገው አሳየ፤ ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነም ጥናቱ ከተያዘለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ለድኻ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም፤ አንድ መርፌ የማይገኝበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊኖር አይገባምና።

ድህነት ሲነሣ ግን ከኢንፌክሽኑ በፊት የመሣሪያው ዋጋ ይመጣል። በ2009 በ61 አገሮች በተደረገ ቆጠራ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ ፔስሜከር ተተክሎላቸዋል፤ የአፍሪካ ድርሻ ግን እጅግ ትንሽ ነበር። ስለዚህ በበለጸጉ አገሮች ከሞቱ ሰዎች የወጡ፣ ባትሪያቸው ያላለቀ መሣሪያዎችን አጥቦና አምክኖ ለድኾች መስጠት የሚለው ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡን ብዙዎች ተጠራጠሩት፤ የሞተ ሰው ዕቃ በሕያው ልብ አጠገብ ሲቀበር ተሕዋስያንስ አብረው ቢመጡ? ከካናዳ ሞንትሪያል የተመራው፣ በ2020 የታተመው ጥናት ዳግም የተጠቀሙ 1,051 ሰዎችን አዲስ ከተተከለላቸው 3,153 ሰዎች ጋር አነጻጸረ፤ በመጀመሪያዎቹ ከመቶ 2.0፣ በሁለተኞቹ ከመቶ 1.2 ኢንፌክሽን ታየ፤ ሌሎች ልዩነቶች ሲታሰቡ ግን በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው መበላለጥ አልተገኘም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመራው፣ ኬንያንም ያቀፈ ጥናት በ2024 ባቀረበው ውጤት በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ የታጠበው ከአዲሱ እንደማያንስ አሳይቷል። የሚታጠበው ባትሪውን የያዘው ሣጥን ነው። ሽቦው ሌላ ነገር ነው፤ ብግነትን በተመለከተም ጉዳዩ ሣጥኑ ሳይሆን ሽቦው ነው።

ሽቦውን ጨርሶ ማስቀረት የሚለው ሐሳብም ከዚሁ መጣ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ሐኪሞች የመድኃኒት እንክብል የሚያህል፣ ባትሪውም ጫፉም በአንድነት ያለ መሣሪያ በእግር የደም ሥር በኩል አስገብተው በቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል መትከል ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ሁለት ግራም የማይሞላ ሲሆን በአራት ቀጫጭን መንጠቆዎች ሥጋውን ይዞ ይቀመጣል። በቆዳ ሥር የሚያመረቅዝ ኪስ የለውም፤ በደም ሥር ውስጥ የሚጣበቅ ሽቦም የለውም። ኢንፌክሽኑም በእርግጥ እጅግ ቀንሷል። ነገር ግን መንጠቆዎቹ ልብን መንካት አለባቸው። በ2016 በታተመው፣ 725 ሰዎችን በተከታተለው ጥናት ከመቶ 1.6 ያህሉ ላይ ልብ ተበስቶ ወይም በዙሪያው ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሽቦ አልባው መሣሪያ ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል ከሳምንታት በኋላ በትኩሳትና በደረት ውጋት የተመለሱ ተዘግበዋል፤ የተሰጣቸውም መድኃኒት ያው አስፕሪንና ያው ኮልቺሲን ነው።